መጀመሪያ ቁልፉን

የእትዬ የሺን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ቆማ የምታየኝ ይመስለኛል። ኮሎምበስ ውስጥ ሰው የወገኑን ሞት በስልክ እንዳይሰማ ስትሮጥ የኖረች ሴት፣ የራሷ ሞት እኔ ዘንድ የደረሰው ጅምላ መጋዘን ውስጥ ቆሜ የሽንኩርት ከረጢት ሳገላብጥ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጢን ብሎ ነው። የሰፈራችን ሰዎች ግሩፕ ላይ ተለጥፏል። የሻማ ሥዕል፣ የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶች፣ ከሥራቸው «እናታችን እትዬ የሺ ዛሬ ጠዋት አርፋለች፤ ነፍስ ይማር» ይላል። አንዱ ቸኩሎ አውራ ጣት ቀስሮበታል። በንግድ ዘመኔ ብዙ ነገር ሲወደድ አይቻለሁ፤ ሞት ሲወደድ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ከእንባዬ በፊት የመጣብኝ ልጇ ሚኪ ነው። ሚኪ የረጅም መንገድ ትራክ ነጂ ነው። እሱም ግሩፑ ውስጥ አለ። በዚያ ሰዓት ከካንሳስ ጭኖ ወደ ቤቱ እየመጣ፣ ሃይዌይ ላይ ነው። እናቱ መታመሟን እንኳ አያውቅም።

ወደዚህ እመለሳለሁ። እሷን ላላወቀ ሰው ግን ነገሩ ለምን እንደዚያ እንዳስደነገጠኝ አይገባውም።

ቤቷ ከቤቴ ፊት ለፊት ነው፣ ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈር። የሰፈራችን ቤቶች ሁሉ አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ። ፎቅ የላቸውም፤ ፊታቸው ጡብ፣ ጎናቸውና ጀርባቸው ፕላስቲክ ነው፤ እንደ አንዳንድ ደንበኞቼ። እሷ በር ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። በመኸር ቅጠሉ ቀልቶ ቀልቶ ነፋስ ሲመጣ እኔ ግቢ ይራገፋል።

«ዛፉ ያንቺ፣ ቅጠሉ የኔ፣ ይሄ ምን ዓይነት ንግድ ነው?» እላታለሁ።

«ሐምሌ ላይ ጥላውን ማን ነው በነጻ ሲቀመጥበት የከረመው?» ትለኛለች።

ገና ጎረቤት እንደሆንን ሰሞን አንቱ ብያት ነበር። «እኔን አንቱ ካልክ ሱቅህ መጥቼ በለጠፍክበት ዋጋ እገዛለሁ፤ እንደ ባዳ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ ነው። በለጠፍኩት ዋጋም ገዝታ አታውቅም። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ያለችው ሱቄ ከበርበሬ እስከ ሻንጣ ሁሉን ትሸጣለች፤ እትዬ የሺ ደግሞ ከበርበሬው እስከ ሻንጣው ለሁሉም አቃቂር አውጥታለታለች።

ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም ነበር። ጉልበቷ እስኪደክም ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ኖራለች። ሳሎኗ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ሶፋዎቹ ሁሉ ግድግዳ ታክከው መሐሉ ባዶ መሆኑን ነው። የመስታወት ጠረጴዛ የለም፤ የሚሰበር ጌጥ የለም። ጋራዟ ውስጥ መኪና ገብቶ አያውቅም፤ እስከ ጣራው ታጣፊ ወንበር ነው። መኪናዋ ውጭ በረዶ ይለብሳል፣ ወንበሮቹ ይሞቃቸዋል። ቤቱ ገና ሲገዛ ጀምሮ ለቅሶ የሚጠብቅ ቤት ነበር።

ምክንያቱም ማንም ያልቀጠራት ሥራ ነበራት፤ መርዶ ነጋሪ ነበረች። አገር ቤት አንድ ሰው ሲሞት፣ ቤተሰቡ እዚህ ላለው ልጅ አይደውልም፤ ለእሷ ነው የሚደውለው። ቁጥሯ ደሴም፣ አዳማም፣ አዲስ አበባም ይገኛል። እሷ የልጁን የሥራ ሰዓት ታጣራለች፣ ጓደኞቹን ታሰባስባለች፣ ክርስቲያን ከሆነ ቄስ፣ እስላም ከሆነ ሼህ ትጠራለች፣ ከዚያ ማለዳ ለሥራ ሳይወጣ በሩ ላይ ትደርሳለች። ደወል አትነካም። በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ታንኳኳለች። «ደወል ሰው ያስደነግጣል» ትላለች፤ ምን ይዛ እንደቆመች የረሳች ይመስል።

የራሷ ሕግ ነበራት። የሕጉ ራስ ቁልፍ ነው።

«አገራችን መርዶ የሰማ ሰው ደረቱን እየደቃ ሜዳውን ይሮጣል፤ ጎረቤት ይዞ ይመልሰዋል» ትል ነበር። «እዚህ የሚሮጠው በመኪና ነው። መኪናን ማን ይይዛል? ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፉን ተቀበል።»

በምን ሰበብ እንደምትቀበል እንደ ሰውየው ይለያል። ለአንዱ «መኪናህ ዘግታብኛለች»፣ ለሌላው «ቦርሳዬን መኪናህ ውስጥ የረሳሁ ይመስለኛል»። ቁልፉን ከያዘች በኋላ እህል ታቀምሳለች፤ በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም። ከዚያ ቃሉ ይመጣል። «ብቻህን አይደለህም» ነው አጀማመሯ። አስከትላ የሟቹን ስም ጠርታ ሙሉውን ትናገራለች። «ትንሽ አሟቸው ነው፣ ሆስፒታል ገብተው ነው» እያሉ ሰውን በየቁራጩ መግደል አትወድም። «ግማሽ መርዶ የለም» ትላለች። «የሚያውቅ ቢመስልህ እንኳ በአፍህ ንገረው። ሰው ያወቀውን ሌላ ሰው ሲነግረው ነው የሚያለቅሰው።»

እንዲህ ያለ ሰው በሰላም ቀን የት ይገባል? ችግሩ ያ ነበር። መጋረጃ ገልጦ በሩ ላይ ያያት ሁሉ ልቡ ቀጥ ይላል። አንዴ ለአንዲት ጎረቤታችን የልደት ኬክ ይዛላት ብትሄድ፣ ልጅቷ በሩን ከፍታ «እማዬን ነው አባዬን?» ብላ እዚያው ወደቀች። ኬኩም ተከተላት። ከዚያ ወዲያ እትዬ የሺ ዘዴ አበጀች፤ በሰላም ስትመጣ ገና ከመንገዱ ጀምራ «ወሬ ነው! ወሬ ነው የመጣሁት!» እያለች ትጮሃለች።

ከጎኗ ያለው ሚስተር ዋልተር፣ ጡረታ የወጣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ይህን የአገራችን ሰላምታ አድርጎ ወሰደው። ሳሩን እያጨደ ባየን ቁጥር እጁን አንስቶ «ወሬ ነው!» ይለናል። እኛም «ወሬ ነው!» እንለዋለን። ማንም አላረመውም። ከብዙ ሰላምታ ይሻላል።

በፈረንጆቹ 2020 ያ ኮሮና የሚሉት በሽታ ሲመጣ የዋልተር ሚስት ሆስፒታል ገባች። ጠያቂ አይገባም በሚባልበት ሰሞን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ዋልተር ማጨጃውን እየገፋ ስልክ ተደወለለት። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ሳሩ መሐል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆመ። እኔ ሱቅ ልሄድ ከቤት እየወጣሁ ነበር፤ ምንም አልገባኝም። እትዬ የሺ ግን በመስኮት አቋቋሙን አየች። በነጠላ ጫማ ወጥታ ሮጠች። መጀመሪያ ያደረገችው ማጨጃውን ማጥፋት ነው።

ሰፈሩ ጸጥ ሲል ወደኔ ዞራ ጮኸች። «ሙክታር! ለዚህ ሰው በስልክ ነገሩት! ቆሞ! ብቻውን!»

ከጋራዟ አንድ ወንበር አወጣች፤ ሳሩ ላይ፣ ሕጉ ራቁ እስካለው ድረስ ርቃ፣ አፏን በማስክ አፍና ተቀመጠች።

«ምን ልትይው ነው? በየትኛው እንግሊዝኛሽ?» አልኳት።

«ለቅሶ በቋንቋ ነው እንዴ የሚቀመጡት?»

ልጆቹ ካሊፎርኒያ ናቸው፤ መምጣት አልቻሉም። እሷ በማግስቱም ተቀመጠች፤ በሠልስቱም። ዋልተር መጀመሪያ በመስኮት ያያት ነበር። ከዚያ ደረጃው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። አይነጋገሩም። ሰፈርተኛው አንድ አንድ እያለ ወንበሩን እየያዘ ወጣ፤ ነጩም፣ ሶማሌውም፣ እኛም። ወንበሮቹ በሳሩ ላይ ተራርቀው ሲታዩ የዳማ ጠጠር ይመስሉ ነበር። ዋልተር በመጨረሻ ቤት ገብቶ ለራሱ ወንበር ሊያወጣ ሲል እትዬ የሺ ከራሷ አንዱን ሰጠችው። ኋላ አጥቦ ሊመልስላት ሲመጣ በእጇ ወደ ደረቱ ገፋችው፤ ያንተ ነው ማለቷ ነበር።

በዚያው ዓመት መኸር የኔ ተራ ደረሰ።

አንድ ጠዋት መኪናዬን ላስነሳ ስወጣ እትዬ የሺ ከነጠላዋ ላይ ካፖርት ደርባ በሬ ላይ ቆማለች። ፈገግ ብላለች።

«ሙክታርዬ፣ ያቺ አሮጊት መኪናዬ አልነሳም አለችኝ። ያንተን አስጠግቶ ሚኪ ያስነሳልኝ። ቁልፉን ስጠኝ።»

ሕጉን ከማንም በላይ አውቃለሁ። የሌላ ሰው ቁልፍ ስትቀበል አጠገቧ ቆሜ ፊቴን ሳስተካክል ኖሬአለሁ። መርካቶ፣ ቦንዳ ተራ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ግራ እግር ብቻ ያለውን ጫማ «ቀኙ ነገ ይመጣል» ብዬ ሸጫለሁ። እንዲያም ሆኖ ቁልፌን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ያወቅኩት ቁልፉ መዳፏ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ጣቶቿ ቶሎ ተጨበጡ። ቀና ስል ከዛፉ ሥር ሼሁና ሁለት ጓደኞቼ በማስክ ተሸፍነው፣ ባንክ ውስጥ ተራ እንደያዘ ሰው ተራርቀው ቆመዋል። ሚኪም አለ፤ ዓይኔን ማየት አልቻለም።

«ግባና ትንሽ ቅመስ» አለችኝ።

ዳቦ ይዛለች። እኛ ቤት ሥጋ አታመጣም ነበር፤ «ዳቦ ሃይማኖት የለውም» ትላለች። ሚስቴ ሰሚራ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆረሰችልኝ። በላሁ። የበላሁት ስላልገባኝ አይደለም። ዳቦው እስኪያልቅ ድረስ አባቴ በሕይወት ስለነበሩ ነው። ቀስ ብዬ አላመጥኩ።

ሳበቃ «ብቻህን አይደለህም፣ ሙክታር» አለችኝ። ከዚያ አባቴን በሙሉ ስማቸው ጠራቻቸው። ያቺ አባቴ የኖሩባትን ደሴን በእግሯ ረግጣ የማታውቅ ሴት የአባቴን ስም ስትጠራ፣ አብራቸው ያደገች ነው የሚመስለው።

ቁልፌን የመለሰችልኝ ለቅሶው ካበቃ በኋላ ነው። ያኔ ነው ስለ ቁልፉ የጠየቅኳት፤ እሷም አንዴ ብቻ ነው የነገረችኝ። ባሏ እዚሁ ከተማ ታክሲ ይነዳ ነበር። ሚኪ ያኔ ገና ትምህርት ቤት መግባቱ ነው። የባሏ ወንድም ከአገር ቤት ደውሎ «እናታችን ሞተች» አለው፤ እሱ ሃይዌይ ላይ ነበር።

«ስልኩን እንኳ አልዘጋውም» አለችኝ። «ወንድሙ ድምፁን ሰምቷል። የብረቱን።» ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች። «በአንድ ስልክ ሁለት ለቅሶ ተቀመጥኩ። በል አሁን ሱቅህን ክፈት፤ ሰው ቅመም አጥቷል።»

በ2022 መጀመሪያ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ደረቷን ያዛት። ሰሚራ ሆስፒታል ልታደርሳት መኪና ውስጥ ካስገባቻት በኋላ እትዬ የሺ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ የቤቷን ቁልፍ ሰጠችኝ።

«ምድጃውን አይተህ ቆልፍልኝ። ደግሞ ለሚኪ እንዳትደውል። መንገድ ላይ ነው። ሲገባ እኔው እነግረዋለሁ።»

«እሺ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

«ነጋዴ ስለሆንክ ነው የማስምልህ» አለች። ሳቀች። በዚያው ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት እንግዲህ ስልኬ ጢን አለ።

መጋዘኑ ውስጥ ቆሜ መጀመሪያ የደወልኩት ለለጠፈችው ሴት ነው፤ የማኅበሯ ሰው ናት፣ በመጨረሻው ሰዓት አጠገቧ የነበረችው እሷ ናት።

«አጥፊው!»

«ምነው ጋሽ ሙክታር፣ ሰው እንዲደርስ ብዬ እኮ ነው...»

«ሚኪ መንገድ ላይ ነው!»

ልቅሶዋን ለቀቀችው። አጠፋችው። አልፈረድኩባትም፤ ደንግጣ ነው። ግን ወሬ ከስልክ ይጠፋል እንጂ ከሰው አፍ አይጠፋም። እትዬ የሺ በየስቴቱ ዘመድ አላት። ሁሉም «አይዞህ» ሊል ልጁ ላይ መደወል ሊጀምር ነው። ደውዬ አቁም ልበለው? የት? በረዶ ላይ፣ ከማያውቃቸው ትራኮች መሐል፣ ብቻውን? አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ፤ ስልኩን በወሬ ቀድሞ መያዝ። ደወልኩለት።

«ሄሎ ጋሽ ሙክታር! ምነው፣ በሰላም?»

«ወሬ ነው» አልኩት። ብዙ ዋሽቼ ሸጫለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ ውሸት የለም። «የት ደረስክ?»

«ኢንዲያናፖሊስን ለቀቅኩ። ስፒከር ላይ ነህ፣ ቀጥል።»

«ከአይዳሆ አንድ ትራክ ሙሉ ጤፍ ላስመጣ ነው። በስንት ትጭንልኛለህ?»

ዋጋ ጠራ። ሳቅኩበት። ቀነሰ። እኔ ሌላ ጠራሁ፤ እሱ ሳቀብኝ። «ጋሽ ሙክታር፣ በዚህ ዋጋ ዲዝሉን በጆግ ቀድተህ አምጣልኝ!» አለኝ። ስለ ጎማ አወራሁት፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ጆንያው ክብደት፣ ተከራክረን የማናውቀውን ሁሉ አነሳሁ። እኔም ራሴ በሌላ በኩል ወደ ሰፈር እየነዳሁ ነው። እትዬ የሺ ብታየን ሁለታችንንም በጆሯችን ጎትታ ከመኪና ታወርደን ነበር። ምን ላድርግ? በእጄ ሌላ ዕቃ አልነበረኝም፤ የማውቀው መከራከር ብቻ ነው።

ዴይተን ሲቃረብ «ቆይ አንዴ፣ የሚኒሶታዋ አክስቴ እየደወለች ነው» አለ።

«ተዋት! ዋጋ ላይ ሆኖ ስልክ ይቆረጣል?»

«ቅድም ደግሞ ከዴንቨር ተደውሎ ነበር። ከዚያ በፊትም...»

ዝም አለ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። ነጋዴ ዝምታን ያውቃል፤ ቀድሞ የተናገረ ይከስራል። እኔም ዝም አልኩ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ጤፉን... በስንት ነበር ያልከኝ?»

ተመስገን፣ አመለጥኩ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ «እሺ» ይላል። ቀነስኩ፤ እሺ። እንደገና ቀነስኩ፤ እሺ። እንደዚያ ያለ ርካሽ ዋጋ በዕድሜዬ አግኝቼ አላውቅም። መጠርጠር ነበረብኝ።

እኔ ስደርስ ሰሚራ ቄሱንና የሚኪን ጓደኞች ሳሎን አስገብታ፣ መጋረጃውን ዘግታ፣ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አኑራለች። እኔ ዛፉ ሥር ቆምኩ። ተሳቢውን የኩባንያው ማቆሚያ ግቢ ሊጥል ሲል ነው ስልኩን የዘጋነው፤ ከዚያ በትራኩ ብቻ መጣ። ፊቴን አስተካከልኩ። ውሸቴን በልቤ ደግሜ ደጋግሜ አጥንቻለሁ፤ «ሚኪ፣ መኪናዬ በረዶ ውስጥ ገብታብኝ በትራኩ...» ልለው ነው።

ወረደ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። ገና «ሚኪ፣ መኪናዬ» ስል እጁን ዘረጋልኝ። የትራኩ ቁልፍ መዳፉ ላይ ነው።

ቆምኩ።

«ዴይተን ጋ ነው ያወቅኩት» አለኝ።

«ታዲያ... ለምን አልተናገርክም?»

«እንዳትዘጋው ፈርቼ ነው።»

ቁልፉን ተቀበልኩት። ሙቅ ነበር።

ቤት ገባ። ጫማውን አወለቀ። እናቱ ለሌላ ሰው ባስተካከለችው ባዶ ሳሎን ውስጥ፣ እናቱ ሌላውን ሰው የምታስቀምጥበት ሶፋ ላይ ተቀመጠ። ማንንም ሳያይ «ዳቦ አለ?» አለ። ሰሚራ ቆርሳ ሰጠችው። በላ። ቀስ ብሎ፣ ፍርፋሪውን ከጉልበቱ ላይ እየለቀመ በላ። ቄሱ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ እጄን ዘርግቼ አስቆምኳቸው። ለምን እንደዚያ ቀስ ብሎ እንደሚያላምጥ እዚያ ቤት ውስጥ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ጨረሰ። እጁን ጠረገ።

«አሁን ንገረኝ» አለኝ።

ኢንዲያናን አቋርጦ ኦሃዮ እስኪገባ ያላረፈ አፌ ተዘጋ። ዓይኔን ወደ መስኮቱ አሸሸሁት። በመጋረጃው ቀዳዳ ሚስተር ዋልተር ይታየኛል፤ ወንበሯን ተሸክሞ በረዶውን እየረገጠ መጥቶ፣ ዛፉ ሥር ዘርግቶ ተቀመጠ።

«ብቻህን አይደለህም፣ ሚኪ» አልኩት። ከዚያ ስሟን ጠራሁ። ሙሉውን ነገርኩት።